የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታና የልኬት ምስክርነት

አንድ ነገር ሌላውን ይመስላል ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ መምሰሉን በማስረጃ ማረጋገጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሠዓሊ የሳለውን መልክ ማንኛውም ተመልካች ከባለመልኩ ጋር አስተያይቶ ሊፈርድ ይችላል። በኮምፒዩተር ውስጥ በስሌት ተሠርቶ በመስታወት ላይ የሚከንፈውን መኪና ግን በዓይን ብቻ መዝኖ «ከእውነተኛው አይለይም» ለማለት አይቻልም። የቀለሙ ድምቀትና የሞተሩ ጩኸት ስሜትን ሊያታልሉ ይችላሉ። መኪናን መኪና የሚያሰኘው ለመሪው፣ ለፍሬኑና ለነዳጅ መስጫው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ምላሽ ከሩቅ ለክቶ በቁጥር መዝግቦ የሚያቀርበው ዘዴ ቴሌሜትሪ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው፣ ይህ ዘዴ የእሽቅድምድም ጨዋታዎችን እውነተኝነት መመዘኛ ለመሆን እንዴት እንደበቃ፣ ምን እንዳስተማረና ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ የሚያስረዳ አጭር ታሪክ ነው። በልዩ ካልተገለጸ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእሽቅድምድም ጨዋታ ለመዝናኛ የተሠራ በመሆኑ የመሐንዲስን ትኩረት የሚሻ አይመስል ይሆናል። ሆኖም በውስጡ ያለው ጥያቄ በድልድይ ስሌት፣ በግድብ ጥናትና በአብራሪዎች ሥልጠና ውስጥ ካለው ጥያቄ የተለየ አይደለም። ይኸውም በስሌት የተሠራ አምሳያ መታመን ያለበት መቼ ነው? የሚለው ነው። ጨዋታው ይህን ጥያቄ ለማጥናት የሚያመቸው እውነተኛው መኪና፣ እውነተኛው ጎዳናና የሁለቱም ልኬት ለንጽጽር ስለሚገኙ ነው።

ቴሌሜትሪ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ከሩቅ መለካት ማለት ነው። ዘዴው መጀመሪያ ለመኪና ተብሎ የተፈጠረ አልነበረም። በ1930 ሶቪየታዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ፓቬል ሞልቻኖቭ በፊኛ የተንጠለጠለ መሣሪያ ወደ ሰማይ ልከው በከፍታው ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ በሬዲዮ ምልክት ወደ ምድር እንዲያስተላልፍ አደረጉ። ከዚያም ዘዴው ወደ ሙከራ አውሮፕላኖችና ወደ ሮኬቶች ተዛመተ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ የሙከራ ሮኬት ወድቆ ሲሰባበር በውስጡ የያዘው መዝገብ አብሮት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ልኬቱ ከውድቀቱ በፊት መሬት መድረስ ነበረበት።

ስሌትንና ልኬትን በመኪና ላይ ጎን ለጎን አቁሞ የማስተያየት ሥራም የመነጨው ከአቪዬሽን ሙያ ነው። በአሜሪካ፣ በቡፋሎ ከተማ በነበረው የኮርኔል ኤሮኖቲካል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ሚሊከንና ባልደረቦቻቸው የአውሮፕላንን መረጋጋት ለማጥናት የሚያገለግለውን ሒሳብ ወደ መኪና አዛወሩት። በ1956 ለእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ካቀረቧቸው ጥናቶች አንዱ የሌናርድ ሲግል ሥራ ነበር። ሲግል መኪና መሪው ሲዞር የሚያሳያቸውን ሦስት እንቅስቃሴዎች፣ ማለትም ወደ ጎን መንሸራተትን፣ በቁም ዘንግ ዙሪያ መዞርንና ወደ ጎን ማዘንበልን በቀመር ገለጹ። ቀጥለውም የመለኪያ መሣሪያ በተገጠመለት የቡይክ መኪና ላይ መሪውን በተወሰነ መጠን በማዞር የተገኘውን ልኬት ከቀመሩ ውጤት ጋር አስተያዩ። የሥራው ቁም ነገር ያለው በአካሄዱ ላይ ነው። ሲግል ለመኪናውና ለቀመሩ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጥተው የሁለቱን ምላሽ አነጻጸሩ። «ይመስላልን?» የሚለው ጥያቄ «ለተመሳሳይ ትእዛዝ ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጣልን?» ወደሚለው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የተደረገው የልኬት ፍርድ ሁሉ፣ ፈራጆቹ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

የእሽቅድምድም ቡድኖች ግን ለብዙ ዘመን የሚመሩት በሁለት ምስክሮች ነበር፤ በእጅ በሚያዝ ሰዓትና በነጂው ቃል። ሰዓቱ መኪናው ዙሩን በስንት እንደጨረሰ ይናገራል፤ ለምን እንደዘገየ ግን አይናገርም። ነጂው ለምን እንደዘገየ ይናገራል፤ ነገር ግን የተሰማውንና የሆነውን ለይቶ ለመናገር ሁልጊዜ አይችልም። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካዊው ካርል ኬምፕፍ በእንግሊዙ የቲሬል ቡድን መኪና ላይ የልኬት መመዝገቢያ በመግጠም ሦስተኛ ምስክር ካቀረቡት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1980ዎቹ የሞተር አስተዳደር በኤሌክትሮኒክስ መከናወን ሲጀምር በፎርሙላ አንድ ውድድር ልኬትን በሬዲዮ ከመኪናው ወደ ጥገና ሠፈሩ መላክ እየተለመደ ሄደ። በ2002 መሐንዲሶች ከሠፈራቸው ሳይነሱ በሩጫ ላይ ያለውን መኪና በሬዲዮ እስከ ማስተካከል ደርሰው ነበር፤ ይህ የሁለት አቅጣጫ ግንኙነት ከ2003 ጀምሮ በደንብ ታገደ። ከመኪናው ወደ መሐንዲሱ የሚመጣው ልኬት ግን ቀጠለ።

በዚያው ዘመን የቪዲዮ ጨዋታው በራሱ መንገድ ይጓዝ ነበር። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1974 ያወጣው ግራን ትራክ 10 መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ነበረው፤ መኪናው ግን ከላይ የሚታይ ትንሽ ምልክት ነበር። የጃፓኑ ናምኮ በ1982 ያቀረበው ፖል ፖዚሽን ተጫዋቹን ከመኪናው ኋላ አስቀምጦ በፉጂ የእሽቅድምድም ጎዳና አስነዳው። እነዚህ ጨዋታዎች እጅግ ተወዳጅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለጎማ፣ ለሞላና ለክብደት መሸጋገር የሚሆን ስሌት ስላልነበራቸው ከእውነተኛ ልኬት ጋር የሚያስተያያቸው ነገር አልነበረም።

ይህን ሁኔታ ከለወጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጄፍ ክራሞንድ ናቸው። ክራሞንድ በ1983 ለቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒዩተር የስፒትፋየር አውሮፕላን በረራን የሚያስመስል አቪዬተር የተባለ ሥራ አወጡ። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የፎርሙላ ሦስት መኪናን በሲልቨርስቶን ጎዳና የሚያስነዳውን ሬቭስን አቀረቡ። ሚሊከን ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዳደረጉት ሁሉ እሳቸውም ከአውሮፕላን ወደ መኪና መሸጋገራቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ መኪናው ፍሬን ሲያዝ፣ ሲያፈጥንና ሲታጠፍ የተለያየ ጠባይ እንዲያሳይ ማድረግ ተቻለ። በአሜሪካም ዴቪድ ኬመርና ኦማር ኩዳሪ የመሠረቱት ፓፒረስ በ1989 የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድርን የሚያስመስል ሥራ አወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጨዋታ የሚለው ቃል ሳይጠፋ ማስመሰል የሚለው ሐሳብ አብሮት መኖር ጀመረ።

የፓፒረስ ትልቁ ሥራ በ1998 የወጣው ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ሲሆን የሚያሳየውም የ1967ን የፎርሙላ አንድ ውድድር ዘመን ነው። የመኪኖቹ ጠባይ አስቸጋሪ፣ ጎማቸው የሚያንሸራትት፣ ነፋስን ተጠቅሞ መኪናን ወደ መሬት የሚጫን ክንፍ ያልነበራቸው ናቸው። ጨዋታው በእውነተኝነቱ ብዙ ምስጋና አገኘ። ተጫዋቾችም በጨዋታው የተመዘገበውን ሩጫ እየከፈቱ ፍጥነትን፣ የፍሬንና የመሪን አጠቃቀም በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርተው ዙርን ከዙር ማስተያየት ያዙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ነበር። በ1967 መኪኖቹ ልኬታቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ ስላልነበራቸው፣ የጨዋታው ግራፍ የሚነጻጸርበት የዘመኑ ግራፍ አልነበረም። የቀረው ሰዓቱ ነበር። ለምሳሌ ጂም ክላርክ በዚያ ዓመት በኑርቡርግሪንግ ለጀርመን ውድድር ፊተኛውን መነሻ ስፍራ የያዘው ዙሩን በ8 ደቂቃ ከ4.1 ሰከንድ ጨርሶ ነበር። ሰዓት ግን ያለ ግራፍ ደካማ ምስክር ነው።

የሰዓትን ድካም በግልጽ ያሳየው በ2005 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ አንድ ሙከራ ነው። የቶፕ ጊር ዝግጅት አቅራቢ ጀረሚ ክላርክሰን በግራን ቱሪስሞ 4 ጨዋታ ላይ የሆንዳ ኤንኤስኤክስ መኪናን በካሊፎርኒያው የላጉና ሴካ ጎዳና ነድቶ ዙሩን በ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገደማ ጨረሰ። በኋላም ወደ ስፍራው ሄዶ እውነተኛውን መኪና ሲነዳ 1 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ያህል ፈጀበት። ከዚህ በመነሣት ጨዋታው 16 ሰከንድ ያህል ያጋንናል ብሎ የሚፈርድ ይኖራል። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። በጨዋታው ስሕተት ቢፈጠር አዝራር ተጭኖ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ በእውነተኛው ጎዳና አንድ ስሕተት አጥንት ይሰብራል። ከ16ቱ ሰከንድ ስንቱ የፍርሃት፣ ስንቱ የልምምድ ማነስ፣ ስንቱስ የስሌቱ ጉድለት እንደሆነ ሰዓቱ ሊለይ አይችልም።

ከሰዓት መለያየት ይልቅ የሚያሳስተው የሰዓት መመሳሰል ነው። ለምሳሌ ወርዱ 50 ሜትር የክብ ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ጎማው ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል የሆነ የጎን ኃይል ቢችል፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያልፍ ይችላል። በጨዋታው ውስጥ የጎማው ኃይል በ10 በመቶ ተጋንኖ ቢሰላ፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው ወደ 84 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ፍጥነት የሚያድገው በኃይሉ ስኩዌር ሩት መጠን ስለሆነ የ10 በመቶ ስሕተት 5 በመቶ መስሎ ይታያል። በዚህ ላይ የጨዋታው ሞተር ከእውነተኛው ትንሽ ቢደክም፣ ወይም የነፋሱ ተቃውሞ ትንሽ ቢበዛ፣ በኩርባው የተገኘው ትርፍ በቀጥታው ጎዳና ይካካሳል። በመጨረሻም የዙሩ ሰዓት ከእውነተኛው ጋር በሰከንድ ክፍልፋይ ይገጥማል፤ ሰዓቱ እውነት ሲሆን መኪናው ሐሰት ይሆናል።

ይህን ድብቅ ስሕተት የሚገልጠው የልኬቱ ግራፍ ነው። አንባቢው በመጀመሪያ ሁለቱን ዙሮች በጊዜ ፋንታ በርቀት ያስተካክላቸዋል፤ በጊዜ ካስተካከላቸው በአንዱ ኩርባ የተፈጠረ ልዩነት የሚቀጥለውን ሁሉ ያዛባዋልና። ቀጥሎ በቀጥታው ጎዳና ላይ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚወጣ ያያል፤ የታችኛው ክፍል የሞተሩንና የክብደቱን፣ የላይኛው ክፍል የነፋሱን ተቃውሞ ጠባይ ይናገራል። በኩርባው ውስጥ ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ፣ ለዚያም መሪው ምን ያህል እንደዞረ ይመረምራል። በመጨረሻም የፊትና ኋላውን ኃይል በአንድ ዘንግ፣ የጎኑን ኃይል በሌላው አድርጎ ነጥቦቹን ሲያሰፍር ጎማው ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ወሰን ክብ መሰል ቅርጽ ይዞ ይወጣል። የእውነተኛውና የጨዋታው ቅርጾች ካልገጠሙ፣ የዙሩ ሰዓት የቱንም ያህል ቢስማማ፣ አምሳያው ገና አልተረጋገጠም። በ1987 የተመሠረተው የአውስትራሊያው ሞቴክ ለእውነተኛ መኪኖች ያዘጋጀው የልኬት ማንበቢያ ፕሮግራም፣ በ2019 የወጣው አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ የሚያወጣውን መዝገብም የሚቀበል መሆኑ ይህን ንባብ ለተራ ተጫዋች ሳይቀር አደረሰው። መሐንዲሱና ተጫዋቹ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ማንበብ ጀመሩ ማለት ነው።

ግራፉ ደጋግሞ ያመለከተው ተጠያቂ ጎማው ነው። በ1987 ባከር፣ ኒቦርግና ፓሴይካ የተባሉ አጥኚዎች በጋራ ያቀረቡት ቀመር የጎማን ኃይል በጥቂት ቁጥሮች ለመግለጽ ስላስቻለ በኢንዱስትሪውም በጨዋታውም ተስፋፋ። ቀመሩ ከልኬት የተቀዳ መስመር ነው፤ ጎማው ለምን እንዲህ እንደሚሆን አያስረዳም። ስለሆነም ልኬቱ በተወሰደበት ክልል ውስጥ ታማኝ ሲሆን ከክልሉ ውጪ ግን፣ ለምሳሌ መኪናው ከቁጥጥር ወጥቶ በሚሽከረከርበት ጊዜ፣ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው። በ2008 አገልግሎት የጀመረው የኬመር አዲስ ሥራ አይሬሲንግ ጎዳናዎቹን በሌዘር እያስለካ ሠራ። ይህም ከውበቱ ይልቅ ለፍርዱ ጠቀመ፤ የጎዳናው ቅርጽ ከተረጋገጠ የቀረው ልዩነት የመኪናው ወይም የጎማው ነውና። ኬመርም በ2011 ከላስቲኩና ከጎማው አካል ጠባይ የሚነሣ አዲስ የጎማ አምሳያ ወደ ሥራ አስገቡ።

ቴሌሜትሪም ቢሆን ሳይመረመር የሚታመን ምስክር አይደለም። መሣሪያው የተገጠመበት ስፍራ፣ በሰከንድ የሚመዘግበው ብዛት፣ የዕለቱ ሙቀትና የጎማው ዕድሜ ሁሉ በልኬቱ ላይ ተጽዕኖ አላቸው። ከሁሉም በላይ ነጂው አለ። ብልህ ነጂ ከመኪናው ጠባይ ጋር ራሱን ስለሚያስማማ፣ የአምሳያውን ጉድለት በገዛ ችሎታው ይሸፍነዋል። የሲግል ሙከራ ንጹሕ የነበረው ትእዛዙ አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበረ ነው። በሌላ በኩል በ2008 የጨዋታ ተጫዋቾችን ወደ እውነተኛ ውድድር ለማሸጋገር በተደረገው ምልመላ የመጀመሪያው አሸናፊ የሆነው ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ፣ በ2011 በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ቡድኑ በተሰለፈበት ክፍል ሁለተኛ ወጥቷል። ይህ ከጨዋታ የተገኘ ችሎታ ወደ ጎዳና ሊተላለፍ እንደሚችል ያስረዳል፤ ጨዋታው በሁሉም ረገድ ትክክል ነው ለማለት ግን አያበቃም።

የጉዳዩ ክብደት ሙሉ በሙሉ የሚታየው ዘዴው ወደ ተነሣበት ወደ አቪዬሽን ሲመለሱ ነው። ኤድዊን ሊንክ በ1929 የሠሩት የበረራ ማሠልጠኛ መሣሪያ ብዙ አብራሪዎችን አስተማረ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1980 ባወጣው ደንብ የተራቀቁ ምስለ በረራዎች አብዛኛውን የአውሮፕላን ላይ ሥልጠና እንዲተኩ መንገድ ከፈተ። የምስለ በረራው ምላሽ በእውነተኛው አውሮፕላን ሙከራ ከተመዘገበው ልኬት ጋር ተነጻጽሮ በተፈቀደው የልዩነት ወሰን ውስጥ መውደቅ አለበት። የሲግል ጥያቄ እዚህ ላይ ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ በሜይ 2019፣ ቦይንግ የ737 ማክስ ምስለ በረራ ፕሮግራም አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን ለማሳየት የማይችል እንደነበረና እርማት እንዳደረገበት አስታወቀ። ጋዜጦች እንደዘገቡትም ከእነዚህ አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የጭራውን ማስተካከያ መዘውር በእጅ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ነበር። ይህ የምስለ በረራ ጉድለት የአደጋው መነሻ ነው ማለት አይደለም። የሚያስተምረው ሌላ ነው። ጉድለቱ ከተለመደው በረራ ውጪ ባለው ክልል ውስጥ ነበር፤ በዚያ ክልል ያለውን ምላሽ አስቀድሞ አጥብቆ የጠየቀ ካልተገኘ፣ በሌላው ሁሉ ፈተናውን ያለፈ መሣሪያም ስሕተቱን እንደያዘ ይቀመጣል። በጨዋታው ውስጥ ከልኬቱ ክልል ውጪ የሚሽከረከረው ጎማ የሚያስከትለው የአንድ ተጫዋች ቅሬታ ነው። ያው ስሕተት በሌላ ስፍራ የሚያስከትለው በቅሬታ የሚመለስ አይደለም።

አበው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ። ግራፍ በዓይን ፊት ተዘርግቶ ሳለ ምን እንደሚጠየቅ ያላወቀ ሰው የሚያየው የተጠላለፈ መስመር ብቻ ነው። ከሲግል ቡይክ እስከ ዛሬው ጨዋታ ያለው ታሪክ ለመሐንዲሱ የሚተወው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፦ ለአምሳያውና ለእውነተኛው አንድ ዓይነት ትእዛዝ መስጠት፣ ድምሩ ሲገጥም ዝርዝሩን መመርመር፣ ልኬቱ እስከ የት ድረስ እንደተወሰደም በአምሳያው ላይ በግልጽ መጻፍ።